15 ደቂቃው ነው ጉድ የሠራሽ፣ ሰርቨሩ ምንም አላደረገም

ጥያቄው ባጭሩ ይሄ ነው። አንዲት የአይቲ ባለሙያ አዳማ ውስጥ ባለ አንድ አከፋፋይ ድርጅት ትሠራለች። ዊንዶውስ ሰርቨር 2019 አላቸው፣ ዶሜይንም (አካውንትና ኮምፒውተር ሁሉ ከአንድ ቦታ የሚመራበት) አላቸው። 14 ሰው በሪሞት ዴስክቶፕ፣ ማለትም ከራሱ ኮምፒውተር ሰርቨሩ ላይ እየገባ፣ ፒችትሪ የሚባለውን የሒሳብ ፕሮግራም ይሠራበታል። አሥሩ አዳማ ቢሮና መጋዘን ናቸው፣ አራቱ ሐዋሳ ቅርንጫፍ። ድሮ ችግሩ ሰው ወጥቶ ከሄደ በኋላ ሴሽኑ (ሰርቨሩ ላይ የከፈተው የሥራ ቦታ) ክፍት እያደረ ሚሞሪ መብላቱ፣ ጠዋት ደግሞ ፒችትሪ «በሌላ ሰው ተይዟል» ማለቱ ነበር። አንድ ቪዲዮ አይታ በግሩፕ ፖሊሲ (የዶሜይኑን ሰዎችና ኮምፒውተሮች ሕግ ከአንድ ቦታ በሚሰጠው) ሥራ ለፈታ ሴሽንም ለተቋረጠ ሴሽንም 15 ደቂቃ ሰጠች፣ ሲያልቅ ይዘጋ የሚለውንም አበራች። አሁን ምሳ በልቶ የተመለሰ ሰው ሥራው ጠፍቶ ይጠብቀዋል። መብራት ሲሄድም እንደዚያው። የሚገርመው ደግሞ ግማሹ ሠራተኛ ላይ ገደቡ ጭራሽ አይሠራም። «ምኑ ላይ ነው የተሳሳትኩት?» ትላለች።

እህቴ፣ መጀመሪያ ይሄን ልበልሽ። ያደረግሽውን እኔም አድርጌዋለሁ፣ ያውም ከአንቺ በባሰ ጊዜ። ስለዚህ የምጽፈውን እንደ ቁጣ አትቁጠሪው።

ነገሩ የተበላሸው ሁለት የተለያዩ ነገሮችን እንደ አንድ ስላየሻቸው ነው። ሴሽን መቋረጥ ሌላ፣ ሴሽን መዘጋት ሌላ። አንድ ሰው ከላይ ያለችውን ኤክስ ተጭኖ ሲወጣ፣ ወይም መብራት ሲሄድበት፣ ሴሽኑ ይቋረጣል እንጂ አይዘጋም። ፒችትሪው ሰርቨሩ ላይ ክፍት ነው። ግማሽ የተሞላው ኢንቮይስ እንዳለ ነው። ሚሞሪውም እንደተያዘ ነው። ቢሮሽን ገርበብ አድርገሽ እንደመውጣት ቁጠሪው፤ ወረቀቱ ጠረጴዛ ላይ ነው፣ ስትመለሺ ካቆምሽበት ትቀጥያለሽ። ሲዘጋ ግን፣ ማለትም ሎግ ኦፍ ሲሆን፣ ዘበኛው ገብቶ ጠረጴዛው ላይ ያለውን ሁሉ ጠራርጎ ቅርጫት ውስጥ ከትቶ በሩን ቆለፈው ማለት ነው። ሴቭ ያልተደረገ ነገር ሁሉ ሄደ።

አንቺ ዘበኛውን በ15 ደቂቃ አስገባሽው። አዳማ ላይ መብራት ሄዶ በ15 ደቂቃ ውስጥ የሚመለስበትን ቀን አንቺው ታውቂዋለሽ።

ገደቦቹ ያሉበትን መንገድ ልጻፍልሽ፣ ሌሎችም ስለሚያነቡት። ኮምፒውተር ኮንፊገሬሽን፣ ከዚያ ፖሊሲስ፣ አድሚኒስትሬቲቭ ቴምፕሌትስ፣ ዊንዶውስ ኮምፖነንትስ፣ ሪሞት ዴስክቶፕ ሰርቪስስ፣ ሪሞት ዴስክቶፕ ሴሽን ሆስት፣ በመጨረሻ ሴሽን ታይም ሊሚትስ። ረጅም ነው፣ ፈጣኑን መንገድ ትቶ በአሮጌው መንገድ አዲስ አበባ እንደመግባት። እዚያ ከምታያቸው መስመሮች ውስጥ ለአንቺ ጉዳይ የሚያስፈልጉሽ አራቱ ናቸው።

አንደኛው የተቋረጠ ሴሽን ስንት ሰዓት በሕይወት ይቆይ የሚለው ነው፤ ዲስኮኔክትድ የሚል ቃል አለበት። ይሄኛው ጊዜው ሲያልቅ ሁልጊዜ ይዘጋል፣ ምሕረት የለውም። ሁለተኛው አይድል የሚለው ነው፣ ሰው ኪቦርድም ማውስም ሳይነካ ሲቆይ። ሦስተኛው አክቲቭ ሴሽን የሚለው ነው፣ ሰውየው እየሠራም ቢሆን ጊዜው ሲደርስ ይቆርጠዋል። አራተኛው «ኢንድ ሴሽን» ብሎ የሚጀምረው ሲሆን፣ አይድልና አክቲቭ ጊዜያቸው ሲያልቅ ይቋረጡ ወይስ ይዘጉ የሚለውን የሚወስነው እሱ ነው። ካልተነካ ይቋረጣሉ። አንቺ አበራሽው፣ ስለዚህ ይዘጋሉ። ምሳ የሄደው ሰው ሥራ የጠፋው በዚህ ነው።

አሁን አይድል የሚለው ቃል ላይ ትንሽ እንቆይ፣ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። አይድል ማለት ፕሮግራሙ ሥራ ፈቷል ማለት አይደለም። ሰውየው እጁን አንስቷል ማለት ነው። ፒችትሪ የዓመት ሪፖርት እያወጣ ፕሮሰሰሩ ቢቃጠልም፣ ማውስ ካልተነካ ለዊንዶውስ ያ ሴሽን አይድል ነው።

ይሄን የተማርኩት በከባዱ ነው። እዚሁ አዳማ አንድ ድርጅት ውስጥ፣ ሰኔ ሊያልቅ ጥቂት ቀን ሲቀረው፣ አይድሉን 30 ደቂቃ አድርጌ ኢንድ ሴሽኑን አብርቼው ነበር። የሒሳብ ክፍሏ፣ እናቴ የምትሆን ሴትዮ፣ የዓመቱን ፖስት ማድረግ አስጀምራ «እስኪጨርስ ቡና ልጠጣ» ብላ ወጣች። ሙቀቱን ታውቂዋለሽ፣ ቬንትሌተሩ እየዞረ፣ ወንበሩ ላይ ነጠላዋ ብቻ። ዊንዶውስ ከመቁረጡ 2 ደቂቃ ሲቀረው ማስጠንቀቂያ ያወጣል። አወጣም። ነጠላው አላነበበውም። ፖስቱ መሃል ላይ እያለ ሴሽኑ ተዘጋ፣ ዳታው ተበላሸ፣ ያን ሌሊት ባክአፕ ስመልስና ከወረቀት ጋር ሳስተያይ አነጋሁ። ሴትዮዋ ምንም አላለችኝም። ጠዋት ቡና አምጥታ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠችና ሄደች፤ ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

ስለዚህ ኢንድ ሴሽን የሚለውን ዲሴብልድ አድርጊው። ፒችትሪን የመሰለ ፋይል ላይ ቀጥታ የሚጽፍ ፕሮግራም ባለበት ሰርቨር ላይ ይሄን መብራት ያለበት ምክንያት አይታየኝም።

አክቲቭ የሚለውን ኔቨር። እየሠራ ያለን ሰው የምትቆርጪበት ምክንያት የለሽም።

አይድሉን 1 ሰዓት። ምሳ የወጣ ሰው ቢቆይ ይቋረጥበታል እንጂ አይዘጋበትም፣ ተመልሶ ሲገባ ኢንቮይሱ እንዳለ ነው። ሪፖርት ያስጀመረም ሰው ቢቋረጥበት ሪፖርቱ ሰርቨሩ ላይ መሄዱን ይቀጥላል።

ዲስኮኔክትዱን 3 ሰዓት። እንዴት እዚህ ቁጥር ላይ እንደደረስኩ ልንገርሽ፣ የአንቺ ቢሮ የተለየ ከሆነ ራስሽ እንድትቀይሪው። ሠራተኛው ማታ 11 ሰዓት ተኩል ኮምፒውተሩን እንዳለ ትቶ ሄደ እንበል። 12 ሰዓት ተኩል ላይ አይድሉ ይቋረጣል። ከምሽቱ 3 ሰዓት ተኩል ላይ ይዘጋል። የሌሊቱ ባክአፕ 6 ሰዓት ላይ ቢሆን ፋይሎቹን ማንም አልያዘም። ጠዋት 2 ሰዓት ተኩል ሰው ሲገባ ሰርቨሩ ንጹሕ ነው። ቀን ላይ ደግሞ መብራት ሁለት ሰዓት ቢጠፋ የማንም ሥራ አይሞትም። ይሄ ሁሉ ግን ሰርቨሩ ራሱ በዩፒኤስ ወይም በጄኔሬተር ከቆየ ነው። ሰርቨሩ ከጠፋ ፖሊሲ ምን ሊያደርግ ይችላል።

አንድ ቀዳዳ ይቀራል። ቀን ላይ በኤክስ የሚወጣ ሰው ለ3 ሰዓት ያህል የፒችትሪ ቦታ ይዞ ይቆያል። ይሄን ገደቡን በማሳጠር አትፍቺው። ለሁሉም ዴስክቶፕ ላይ «ጨርሼ ወጣሁ» የሚል ትልቅ ሾርትከት አስቀምጪ፣ ሲጫኑት ሎግ ኦፍ የሚያደርግ። በአማርኛ ጻፊው። የእኔዎቹ ሳይን አውት የሚለውን ስታርት ሜኑ ውስጥ ገብተው ፈልገው አያውቁም፣ ይችን ግን በአንድ ሳምንት ለመዷት።

አሁን ወደ ሁለተኛው እንቆቅልሽ፣ ገደቡ ግማሹ ሰው ላይ ለምን አልሠራም። ከጻፍሽው ስነሳ ዩዘር ኮንፊገሬሽን ውስጥ ነው ያደረግሽው። እነዚሁ መስመሮች ሁለቱም ጋ ስላሉ መሳሳት ቀላል ነው። ዩዘር ኮንፊገሬሽን ሰውየውን ይከተላል፣ ማለትም ፖሊሲው የተያያዘበት ኦዩ (ዶሜይኑ ውስጥ አካውንትና ኮምፒውተር የሚመደብበት ክፍል) ውስጥ አካውንቱ መኖር አለበት። አንቺ ያያያዝሽው ሒሳብ ክፍል ከሚለው ኦዩ ጋር ነው። የመጋዘኑና የሐዋሳዎቹ ልጆች ደግሞ ዶሜይኑ ሲሠራ ከነበረው ዩዘርስ ከሚለው ቦታ አልተነሱም። እሱ ደግሞ ኦዩ አይደለም፣ ተራ ኮንቴይነር ነው፣ ፖሊሲ አይያያዝበትም። አይኮኑን ልብ ብለሽ እዪው፣ ኦዩ ላይ ያለችው ትንሽ ምልክት እሱ ላይ የለችም።

መፍትሔው ሰውን ማሳደድ አይደለም። ገደቡ የሰርቨሩ ጉዳይ ነው፣ ሰርቨሩ ላይ አድርጊው። ለሪሞት ዴስክቶፕ ሰርቨሩ ብቻ አንድ ኦዩ ፍጠሪ። ሰርቨሩ ምናልባት ኮምፒውተርስ የሚለው ኮንቴይነር ውስጥ ይሆናል፣ እሱም ኦዩ አይደለም፣ ስለዚህ አንስተሽ አዲሱ ውስጥ አስገቢው። አዲስ ጂፒኦ፣ ማለትም አንድ የግሩፕ ፖሊሲ ጥቅል፣ ፍጠሪ፣ ስሙን የሚገባ ነገር በዪው፣ ኮምፒውተር ኮንፊገሬሽን ውስጥ ያሉትን አራቱን ሙዪ፣ ከኦዩው ጋር አያይዢ። የዩዘሩን የድሮውን አጥፊው። ባታጠፊውም ሁለቱ ሲጋጩ የኮምፒውተሩ ነው የሚያሸንፈው፣ ግን ከሁለት ዓመት በኋላ አንቺን የሚተካው ልጅ ሲያየው ግራ ይገባዋል። ዲፎልት ዶሜይን ፖሊሲ የሚለውን ደግሞ ለዚህ ብለሽ አትንኪው።

ትንንሽ ቢሮ ውስጥ አንዱ ሰርቨር ዶሜይን ኮንትሮለርም (ዶሜይኑን የሚመራው) ሪሞት ዴስክቶፕም ሆኖ አገኛለሁ። እንደዚያ ከሆነ ከዶሜይን ኮንትሮለርስ ኦዩ እንዳታነሺው። እዚያው ላይ ጂፒኦውን አያይዢና ለአለቃሽ ሁለተኛ ሰርቨር እንደሚያስፈልግ በጽሑፍ አስገቢ፣ በቃል ያልሽው ይረሳል።

ዩዘር ላይ የሚሠሩ ሌሎች ነገሮችን፣ ለምሳሌ የሲ ድራይቭን መደበቅ፣ እዚህ ሰርቨር ላይ ብቻ ማድረግ ከፈለግሽ ሉፕባክ የሚባለው አለ፣ ሲስተም ውስጥ ግሩፕ ፖሊሲ በሚለው ሥር። መርጅ በሚለው ጀምሪ፣ የሰርቨሩን ከሰውየው ከራሱ ፖሊሲ ጋር ያዋህደዋል። ለዛሬው ችግርሽ ግን አያስፈልግሽም።

ከሴሽን ታይም ሊሚትስ ጎን ኮኔክሽንስ የሚል ፎልደር አለ። እዚያ ሁለት ነገር አብሪ። አንዱ ሰውን በአንድ ሴሽን ብቻ የሚገድበው ነው፣ ሪስትሪክት ብሎ የሚጀምረው። ይሄ ከበራ መብራት ሄዶበት የተመለሰ ሰው አዲስ ሴሽን አይከፈትለትም፣ የራሱን የተቋረጠውን ነው የሚያገኘው። ካልበራ ግን ሁለተኛ ሊከፈትለት ይችላል፣ ያኔ ፒችትሪ «ተይዟል» ይለዋል፣ የያዘው ደግሞ ራሱ ነው። ሁለተኛው ኪፕ አላይቭ የሚለው ነው፣ 1 ደቂቃ አድርጊው። ኮምፒውተር መብራት ሄዶበት ድንገት ሲጠፋ ሰርቨሩን ተሰናብቶ አይደለም፤ ሰርቨሩ ሰውየው አሁንም ያለ መስሎት አክቲቭ ብሎ ይጠብቀዋል። ኪፕ አላይቭ «አለህ?» እያለ ይጠይቀዋል፣ መልስ ካጣ ዲስኮኔክትድ ይለዋል። ለአጭር መንቀጥቀጥ ደግሞ አውቶማቲክ ሪኮኔክሽን አለ፣ በየ5 ሰከንዱ እስከ 20 ጊዜ ይሞክራል፣ እሱም ይብራ።

አንድ ሴሽን ብቻ የሚለውን ከማብራትሽ በፊት ግን መጋዘን ሂጂና ጠይቂ። ሁለት ልጆች «ስቶር» የሚል አንድ ዩዘር ይጋሩ እንደሆነ። ከሆነ አንዱ በገባ ቁጥር ሌላው ይባረራል፣ ቀኑን ሙሉ ሲጨቃጨቁ ይውላሉ፣ ጥፋቱም ያንቺ ይሆናል። ለየራሳቸው አካውንት ስጪያቸው። ኦዲተር ሲመጣም ያን ደረሰኝ ማን እንዳስገባው የምታውቂው ያኔ ነው።

ሁሉን ከጨረስሽ በኋላ ሰርቨሩ ላይ ኮማንድ ፕሮምፕት ከፍተሽ ጂፒአፕዴት በፎርስ አስኪጂው። ካላስኬድሽው በራሱ ጊዜ ነው የሚያነበው፣ በየ90 ደቂቃው፣ ከዚያ ላይ እስከ 30 ደቂቃ በዘፈቀደ ይጨምርበታል። «ቀየርኩት አልሠራም» የሚሉ ሰዎች ግማሾቹ ይሄን ያልጠበቁ ናቸው። ከዚያ ሁሉም ሎግ ኦፍ አድርገው እንደገና ይግቡ። ቀጥሎ ጂፒሪዘልት በኤችቲኤምኤል ሪፖርት አውጪና ክፈቺው፣ አድሚን ሆነሽ ካላስኬድሽው የኮምፒውተሩን ክፍል አያሳይሽም። አራቱ መስመሮች አጠገብ አሸናፊው ጂፒኦ ማን እንደሆነ ተጽፎ ታገኛለሽ። ያንቺ ስም ካልሆነ ሌላ ቦታ የተደበቀ ፖሊሲ አለ ማለት ነው።

ሬጂስትሪ፣ ዊንዶውስ ቅንብሮቹን የሚያስቀምጥበትን፣ ማየት የምትወጂ ከሆነ፣ እዚያ ጊዜው የሚጻፈው በሚሊሰከንድ ነው። 1 ሰዓት ማለት 3600000 ነው። አንድ ዜሮ ጎድሎ 6 ደቂቃ የሆነበት ሰው አውቃለሁ፣ ስለዚህ እዚያ ሄደሽ በእጅሽ አትጻፊ፣ ማየት ብቻ።

ለሐዋሳዎቹ መስመሩ ከደከመ ሪሞት ሴሽን ኢንቫይሮንመንት በሚለው ውስጥ ዎልፔፐሩን አንሺ፣ ፕሪንተር ሪዳይሬክሽን ውስጥ ደግሞ የሰውየው ዲፎልት ፕሪንተር ብቻ እንዲመጣ አድርጊ። ትልቅ ነገር አይደለም ግን ይሰማል። ሐዋሳዎቹ የሚገቡት 3389 የሚባለው የሪሞት ዴስክቶፕ ፖርት ለኢንተርኔት ተከፍቶ ከሆነ ግን ይሄን ሁሉ ተዪና መጀመሪያ እሱን ዝጊ፣ ቪፒኤን አድርጊላቸው። የይለፍ ቃል ሲገምት የሚውል ፕሮግራም ሌሊትም አይተኛም።

ዶሜይን ለሌላችሁ አንባቢዎች አንድ ነገር። ሰርቨር 2019 በዎርክግሩፕ፣ ማለትም ያለ ዶሜይን፣ ሆኖ፣ ሰው እየሠራም እያለ ከገባ ልክ 60 ደቂቃ ሲሞላው የሚባረር ከሆነ ይሄ የጊዜ ገደብ አይደለም። የሪሞት ዴስክቶፕ ላይሰንሱ ፐር ዩዘር (በሰው ቁጥር) ተብሎ ስለተሞላ ነው፤ ዎርክግሩፕ ላይ ፐር ዲቫይስ (በኮምፒውተር ቁጥር) ነው የሚሠራው። የሪሞት ዴስክቶፕ ክፍሉ በተተከለ በ120 ቀን ድንገት ማንንም አላስገባም ካለም ያለ ላይሰንስ የሚሠራበት ጊዜ አልቆ ነው፣ ፖሊሲ አትፈልጉ።

ወደ አንቺ ልመለስ። ከዚህ በኋላ «ተቆረጠብኝ» የሚል ሲመጣ አትከራከሪ፣ ሎጉን ክፈቺ። ኢቨንት ቪወር ውስጥ ተርሚናል ሰርቪስስ ሎካል ሴሽን ማኔጀር የሚለው ሥር ኦፕሬሽናል ላይ ግቢ። 21 መግባት ነው፣ 23 መዝጋት፣ 24 መቋረጥ፣ 25 ተመልሶ መገናኘት። ዋናው ግን 40 ነው፣ ምክንያቱን በኮድ ይጽፍልሻል። 3 ከሆነ የአይድል ገደብሽ ነው። 5 ከሆነ ሌላ ሰው በዚያው ዩዘር ገብቶ ነው፣ ወደ መጋዘን ሂጂ። 11 ራሱ ሰውየው ነው። ሰዓቱን ስታመሳክሪ ደግሞ ተጠንቀቂ፤ ሰውየው «6 ከ40 ላይ» ሲልሽ ሎጉ ላይ 12፡40 ነው። ሰርቨሩ የጊዜ ክልሉ ናይሮቢ መባሉንም እዪ፣ የእኛ ከተማ ስም ዝርዝሩ ውስጥ ስለሌለ ሲተከል እንዳለ አሜሪካ ላይ የተተወ ሰርቨር ስንት አይቻለሁ።

ኮድ 0 ትንሽ ያታልላል። በኤክስ የወጣም ሰው 0 ነው፣ መስመር የተቆረጠበትም 0 ነው። አራቱም የሐዋሳ ልጆች በአንድ ደቂቃ ላይ 0 ካላቸው ግን አራት ሰው ተስማምቶ ኤክስ አልተጫነም። ያኔ ፖሊሲውን አትንኪ፣ ደውለሽ ራውተሩ ዩፒኤስ ላይ መሰካቱን ጠይቂ።